ነጻነቱ ለማን ነበር?

ወገኖቼ፣ የአሜሪካ ነጻነት ሲነሣ ብዙዎቻችን ጆርጅ ዋሽንግተንን እናስባለን። እኔ ዛሬ ሁለት የወንጌል አገልጋዮችን ላስታውሳችሁ።

ጆን ዊዘርስፑን ከስኮትላንድ መጥቶ ዛሬ ፕሪንስተን የሚባለውን ኮሌጅ ይመራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1776 የነጻነቱን አዋጅ ከፈረሙት 56 ሰዎች መካከል በአገልግሎት ላይ የነበረ መጋቢ እርሱ ብቻ ነው። ዋጋም ከፍሎበታል፤ ልጁ ጄምስ በ1777 በጀርመንታውን ውጊያ ሞተ። ነገር ግን ይህ ስለ ነጻነት የሰበከ ሰው በቤቱ ባሪያዎች ነበሩት። እኔም መጋቢ ነኝና ይህን ሳነብ እፈራለሁ። ሰው የሚሰብከውን ራሱ ሳይሰማው ዕድሜውን ሊጨርስ ይችላል ማለት ነው።

ሁለተኛው ዴቪድ ጆርጅ ነው። በቨርጂኒያ በባርነት ተወለደ፤ በሳውዝ ካሮላይና በሲልቨር ብላፍ ጌታን አግኝቶ ለወገኖቹ ሰበከ። በ1778 እንግሊዞች ሳቫናን ሲይዙ አሳዳሪው ሸሸ፣ እርሱም ወደ እንግሊዞች ተሻገረ። አርበኞቹ ጨቋኝ ያሉት የንጉሥ ጦር ለእርሱ የነጻነት በር ሆነለት! (እንግሊዞቹ ይህን ያደረጉት በርኅራኄ ሳይሆን ጠላታቸውን ለማዳከም ነበር።)

በ1781 የፈረንሳይ መርከቦች ባሕሩን ስለዘጉበት ጄኔራል ኮርንዋሊስ በዮርክታውን እጁን ሰጠ፤ በ1783 በፓሪስ የሰላም ውል ተፈረመ። አሜሪካ ነጻ ወጣች። ዴቪድ ጆርጅ ግን ቀድሞ በ1782 ከቻርልስተን በመርከብ ወደ ኖቫ ስኮሺያ ሄዶ ነበር። በዚያም ነጭ ወታደሮች ቤቱን አፈረሱበት። በ1792 ከ1,000 በላይ ከሆኑ ጥቁሮች ጋር ውቅያኖስን ተሻግሮ ሴራሊዮን ገባ፤ በፍሪታውንም የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ተከለ።