የቀለብ ሸመታ በንፋስ መውጫ

የቀለብ ሸመታ የቤተሰብን የወራት ምግብ እህሉ በሚረክስበት ወቅት ገዝቶና አሰናድቶ ማስቀመጥ ነው። የላይ ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ ንፋስ መውጫ ከወረታ ወልድያ በሚወስደው መንገድ፣ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ዙሪያዋ የገብስ፣ የስንዴ፣ የባቄላ፣ የአተርና የድንች አገር ነው፤ ጤፍ፣ ማሽላና ሽምብራ ዝቅ ካሉት የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ቀበሌዎች ይመጣሉ።

እህል የሚረክሰው ከውቂያ በኋላ፣ በጥርና በየካቲት ግድም ነው፤ ክረምት ሲገባ ይወደዳል። ወረዳው የምግብ እጥረት ያለባቸውን ቤተሰቦች ለመደገፍ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ከታቀፉት አንዱ በመሆኑ፣ የበጋው ሸመታ ለብዙ ቤት የክረምት ህልውና ነው።

ብር ሲያጥር ከጥራጥሬው መቀነስ ይቀላል፤ ጉዳቱ ግን ከባድ ነው። ገብስና ስንዴ የሚያንሳቸውን ላይሲን የተባለ የፕሮቲን ክፍል የሚሞሉት ባቄላ፣ አተር፣ ምስርና ሽምብራ ናቸው። ጾም በሚበዛበት ቤት ደግሞ ሥጋም ወተትም ለረጅም ጊዜ ስለማይቀመስ ሸክሙ የጥራጥሬ ነው። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ስለሆነ ጥሬው ቶሎ አይበስልም፤ ማገዶም ይፈጃል። ስለዚህ ባቄላና ሽምብራን ዘፍዝፎ ማሳደር፣ ከፊሉንም ክክና ሽሮ አድርጎ ማስቀመጥ ያዋጣል። በሶና ቆሎ ያለ ማገዶ የሚበሉ በመሆናቸው ከጎታው አጠገብ ሊጠፉ አይገባም።

ጓያ ብርቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ርካሽ ነው፣ ድርቅም ይችላል፤ ለወራት ዋና ምግብ ከሆነ ግን እግርን ለዘለቄታው ሽባ ሊያደርግ ይችላል። የተፈጨ ሽሮ ውስጥ መኖሩ በዓይን ስለማይለይ፣ ጥሬውን ገዝቶ ራስ ማስፈጨት ይሻላል።

አዮዲን ያለው ጨው መግዛት እንቅርትን ይከላከላል። በ2003 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ለምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው ያዝዛል። ብርሃንና እርጥበት አዮዲኑን ስለሚያሳጡት ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጣል፤ ወጥ ውስጥ የሚገባውም ሊወርድ ሲል ነው።

የደጋው ብርድ ነቀዝን ያዘገያል። የክረምቱ ጉምና እርጥበት ግን እህልና በርበሬን ያሻግታል፤ ሻጋታው አፍላቶክሲን የተባለ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊያመነጭ ስለሚችል፣ የሻገተውን ማጠብም ሆነ ማመስ ደህና አያደርገውም። ጎታው ከመሬት ከፍ ብሎ፣ እህሉ በደንብ ደርቆ ይገባል። ድንች በጨለማ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይቀመጣል፤ ብርሃን አግኝቶ አረንጓዴ የሆነው አይበላም፣ ለዘር ግን ይሆናል።