በመካንነት ሕክምና ወቅት በደም ሥር ስለሚሰጥ የስብ ፈሳሽ (ኢንትራሊፒድ)

ከሰውነት ውጭ በሚደረግ ማዳቀል (አይ.ቪ.ኤፍ) ሕክምና የሚከታተሉ አንዳንድ ሴቶች፣ በተለይም ሽሉ ወደ ማህፀን ገብቶ ሳይጸና የቀረባቸው ወይም ጽንስ በተደጋጋሚ የሚወርድባቸው፣ ኢንትራሊፒድ የተባለ ነጭ ፈሳሽ በደም ሥር እንዲወስዱ ሐሳብ ይቀርብላቸዋል። ፈሳሹ ከአኩሪ አተር ዘይት፣ ከእንቁላል አስኳል ከሚወጣ ቅባት፣ ከግሊሰሪንና ከውሃ የተሠራ ነው። ስዊድናዊው ሐኪም አርቪድ ሬትሊንድ የሠሩት በአፍ መመገብ ለማይችሉ ሕሙማን ምግብ እንዲሆን ሲሆን፣ በሰፊው ፈቃድ ያገኘውም ለዚሁ ዓላማ ነው።

ለመካንነት የሚሰጠው የሰውነትን የመከላከል አቅም ያረጋጋል በሚል ግምት ነው። «ተፈጥሯዊ ገዳይ» የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ሽሉን እንደ ባዕድ አካል ያጠቁታል የሚል መላምት አለ። በቤተ ሙከራም የስብ ፈሳሹ የእነዚህን ሴሎች የማጥቃት ኃይል እንደሚቀንስ ታይቷል። ይሁንና የሴሎቹ ስም ከተግባራቸው ይልቅ ያስፈራል። በማህፀን ውስጥ የሚገኙት የእናቲቱ የደም ሥሮች ሰፍተው የእንግዴ ልጁን እንዲመግቡ ያግዛሉ፤ ከክንድ የተወሰደ የደም ምርመራም የእነርሱን ሁኔታ አያሳይም።

እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ በሆነ የግብፅ ጥናት 296 ሴቶች ተሳትፈዋል። የእርግዝና ምርመራ ውጤት በሁለቱ ቡድኖች መካከል ጉልህ ልዩነት አላሳየም፤ የወለዱት ግን ፈሳሹን ከወሰዱት መካከል በዝተዋል። አንድ ጥናት ብቻውን ለውሳኔ አይበቃም። የአውሮፓ የሰው ልጅ ሥነ ተዋልዶና ሥነ ሽል ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ምክረ ሐሳብ ሕክምናው እንዲሰጥ አይመክርም።

የእንቁላል፣ የአኩሪ አተር ወይም የለውዝ አለርጂ ያለባቸው እንዲሁም በደማቸው ውስጥ ከፍተኛ የስብ መጠን ያለባቸው ሴቶች አስቀድመው ለሐኪማቸው ማሳወቅ ይኖርባቸዋል። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሊከሰቱ ይችላሉ፤ የመተንፈስ ችግር ከተሰማ ፈሳሹ ወዲያውኑ መቆም አለበት።

ተገልጋዮች ክፍያ ከመፈጸማቸው በፊት ሕክምናው ለምን እንደታዘዘላቸውና ዋጋው ለብቻው ስንት እንደሆነ እንዲጠይቁ ይመከራል። ተጨማሪ ሕክምና በመሆኑ አለመቀበል ዋናውን የአይ.ቪ.ኤፍ ሂደት አያስቆምም። በአገራችን በመንግሥት ተቋም ደረጃ ይህ አገልግሎት በ2011 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ተጀምሯል። በውጭ አገር ታክመው የተመለሱ እናቶች የወሰዱትን መድኃኒት ስም፣ መጠንና ቀን የያዘ የሕክምና ማስረጃ ይዘው ይቅረቡ።