የነርሶች የወገብ ሕመም በምን ይለካል?

ሕመምተኛን ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር የሚያዛውሩ፣ ጎንበስ ብለው ቁስል የሚያጥቡ ነርሶች የጡንቻና የመገጣጠሚያ ሕመም ያጠቃቸዋል። ሕመሙ ግን በደም ምርመራ አይለካም፤ በራጅም ብዙ ጊዜ አይታይም። ስለዚህ ተመራማሪዎች ባለሙያዎቹን ራሳቸውን ይጠይቃሉ።

ለዚህ በሰፊው የሚያገለግለው የሰሜን አውሮፓ አገራት ተመራማሪዎች አዘጋጅተው በአውሮፓውያኑ 1987 ያሳተሙት የኖርዲክ መጠይቅ ነው። ሰውነትን ከአንገት እስከ እግር በዘጠኝ ክፍል መድቦ ይጠይቃል፦ ባለፉት 12 ወራት ሕመም ነበር? ባለፉት 7 ቀናትስ? ሕመሙ ከዕለት ተዕለት ሥራ አግዷል? በኢትዮጵያ ነርሶች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ተጠቅመውበታል።

ውጤቱ ሲነበብ ግን ጥንቃቄ ያሻል። የ12 ወራቱ አሃዝ ጥቂት ቀን የታመመውንና ዓመቱን ሙሉ የተሠቃየውን እኩል ይቆጥራል፤ ትልቅ ሆኖ የሚታየውም በዚህ ነው። ከሥራ ያገደው ሕመም ቁጥር ያነሰ ቢሆንም ለሆስፒታል አስተዳዳሪ የበለጠ ይጠቅማል። መጠይቁ ብቻውን የሕመሙን መንስኤ አያረጋግጥም፤ ውኃ መቅዳትና ልጅ ማዘልም ወገብን ይጎዳሉና። ከሁሉ የከፋው ጉድለት፣ ጥናቶቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኙት በሥራ ላይ ያሉትን ብቻ መሆኑ ነው፤ በሕመሙ ምክንያት ሙያውን የተዉ ነርሶች አይቆጠሩም።