በተቋማት ስም የሚላክ ሐሰተኛ ኢሜይልን እንዴት መከላከል ይቻላል?

ደባርቅ፦ ከሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ በላይ በምትገኘው ደባርቅ ከተማ፣ የሰሜን ተራሮችን የሚጎበኝ የውጭ እንግዳ ማረፊያውን ቀድሞ የሚይዘው ብዙ ጊዜ በኢሜይል ነው። በማረፊያው ስም “የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል” የሚል ሐሰተኛ መልእክት ቢደርሰው እንግዳው ገንዘቡን፣ ማረፊያውም ስሙን ያጣል።

ይህ የሚኾነው እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የኢሜይል መላላኪያ ሥርዓት የላኪውን ማንነት ስለማያረጋግጥ ነው። በፖስታ ላይ የማንንም ስም መጻፍ እንደሚቻል ሁሉ፣ በኢሜይልም የሌላውን አድራሻ ማስፈር ይቻላል።

በ2001 ዓ.ም. መጀመሪያ አጭበርባሪዎች የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክን ስም ተጠቅመው ለሲቲባንክ በፋክስ የሐሰት የክፍያ ትዕዛዝ ልከው ነበር። ሲቲባንክ ለማረጋገጥ የደወለው እነርሱ በሰጡት ስልክ ስለነበር ወደ 27 ሚሊዮን ዶላር አስተላልፏል። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ላኪን በራሱ በላኪው ቃል ማረጋገጥ አይቻልም።

ሦስቱ መከላከያዎች

ሦስቱም የሚመዘገቡት የዶሜኑ ባለቤት ብቻ በሚያዝዝበት የዲኤንኤስ መዝገብ ላይ ነው።

ኤስፒኤፍ፦ በዶሜኑ ስም ኢሜይል እንዲልኩ የተፈቀደላቸውን ሰርቨሮች ይዘረዝራል።

ዲኪም፦ በእያንዳንዱ መልእክት ላይ እንደ ማኅተም የሚያገለግል ዲጂታል ፊርማ ያኖራል፤ ይዘቱ በመንገድ ከተለወጠ ፊርማው አይሠራም።

ዲማርክ፦ ተቀባዩ የሚያየው የላኪ አድራሻ ከሁለቱ ቢያንስ በአንዱ ከተረጋገጠው ዶሜን ጋር መስማማቱን ይጠይቃል። ካልተስማማ መልእክቱ እንዲያልፍ፣ ወደ አይፈለጌ መልእክት እንዲገባ ወይም ጨርሶ እንዲመለስ ባለቤቱ ያዝዛል።

ከየት ይጀመራል?

በመጀመሪያ በተቋሙ ስም ኢሜይል የሚልኩ አገልግሎቶችን ሁሉ መዘርዘር፣ ቀጥሎ ኤስፒኤፍንና ዲኪምን ማስመዝገብ ይገባል። ዲማርክን መልእክት ሳያግዱ በክትትል ብቻ መጀመር ይመከራል፤ በየጊዜው የሚደርሰው ሪፖርት በስሙ ማን እንደሚልክ ያሳያል። እገዳው የሚጠብቀው ትክክለኛው መልእክት ያለ ችግር ማለፉ ሲረጋገጥ ነው። መዝገቡን የሚያስተካክለው ዶሜኑን የሚያስተዳድረው ድርጅት ነው፤ የሀገራችንን “ነጥብ ኢቲ” የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው።

መከላከያዎቹ የማይደርሱበትም አለ። አንዲት ፊደል ብቻ የተቀየረችበትን ተመሳሳይ ዶሜን ወይም የይለፍ ቃሉ የተሰረቀ ኢሜይልን አያግዱም። ስለዚህ የሒሳብ ቁጥር ለውጥ የሚገልጽ መልእክት የደረሰው አርሶ አደር፣ ነጋዴም ኾነ ማኅበር ከመክፈሉ በፊት መደወል አለበት፤ የሚደውለውም በመልእክቱ በሰፈረው ቁጥር ሳይኾን ቀድሞ በሚያውቀው ስልክ ነው።