«ማድረቂያ» አይደለም

አዲስ አበባ፣ ላንቻ ሰፈር በሚገኝ አንድ ቀለም መሸጫ ውስጥ የኢፖክሲ ጣሳዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ተደርድረዋል። በአንደኛው ላይ በእስክሪብቶ «ሙጫ»፣ በሌላው ላይ «ማድረቂያ» ተብሎ ተጽፏል። ሙጫው ደግ ነው። ያናደደኝ ማድረቂያው ነው።

መድረቅ እርጥበት ማጣት ነው። ልብስ ይደርቃል፤ የውሃ ቀለምም ውሃው ሲተን ይደርቃል። ኢፖክሲ የሚተን ውሃ የለውም፤ ሁለቱ ፈሳሾች ሲደባለቁ እየሞቁ እርስ በርስ ይያያዙና ጠጣር ይሆናሉ።

ስሙ ሥራ ያበላሻል። የጣና ታንኳ ከደንገል ታስሮ ስለሚሠራ ኢፖክሲ አያሻውም። ቤቱ ውስጥ የእንጨት ታንኳ የሚሠራ ሰው ግን ስስ ኮምፔንሳቶ በመዳብ ሽቦ ይሰፋና ስፌቱን በኢፖክሲና በደቀቀ ሰጋቱራ ይሞላል። «ማድረቂያ» የተባለውን ቶሎ እንዲደርቅለት ከልኩ በላይ ቢጨምርበት፣ ትርፉ የሚያያዘው አጥቶ መገጣጠሚያው ልፍስፍስ ይሆናል። ልኩ አምራቹ የጻፈው ነው፤ ሁለት ለአንድም ይሁን አምስት ለአንድ። የቸኮለ ክፍሉን ያሙቅ።

«እርሾ» ቢባልስ? ያምራል፤ ግን እርሾ ጥቂቱ ብዙውን ያቦካል፤ ይህኛው ያለ ልኩ እሺ አይልም። «ማጠንከሪያ» ስህተት የለበትም፤ ሆኖም ጠንካራውን ይበልጥ ማጠንከርም ማጠንከር ነውና ፈሳሹ ጠጣር መሆኑን አይነግረንም።

የእኔ ምርጫ «ማርጊያ» ነው። ሥሩ የግዕዙ ረግዐ ነው፤ «እርጎ»ም ከዚያው ወጥቷል። ወተት ሳይደርቅ ይረጋል፤ ኢፖክሲም እንዲሁ። አጠራ «ማጥሪያ»ን እንደሰጠን አረጋ «ማርጊያ»ን ይሰጠናል። ግድግዳ ከመመረግ ጋር ይምታታል ለሚለኝ፣ የዚያኛው መሣሪያ «መምረጊያ» ነው።

«ኢፖክሲ» ግን እንዳለ ይቆይ። አናጺዎቻችን ኮላን፣ ኮምፔንሳቶንና ሰጋቱራን ከጣሊያንኛ ተቀብለው አማርኛ አድርገዋቸዋል፤ ላንቻ ራሱ ስሙን ያገኘው ከጣሊያኑ የመኪና ፋብሪካ ነው ይባላል። አማርኛ በውሰት አልደኸየም። የሚያደኸየው «ረጋ»ን የመሰለ ቃል በእጁ እያለ በማይመጥን ቃል መተርጎም ነው። ሻጮቻችን እስክሪብቶውን ሲያነሡ በሁለተኛው ጣሳ ላይ «ማርጊያ» ይበሉበት፤ ከሥሩም ልኩን በቁጥር ይጻፉት።