ሐረገ መጻሕፍት፤ ስለ ምትሐታዊና ስለ ሳይንስ ልብ ወለድ ስሞች

ጃማ ሙሴ ጃማ የተባሉት የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2008 የመሠረቱት የሐርጌሳ ዓለም አቀፍ የመጻሕፍት ትርኢት በሐምሌ ወር ሲከፈት፣ ለሥራ ወይም ለንግድ ወደዚህች ከተማ መጥተን የተቀመጥን አማርኛ ተናጋሪዎችም ከሱማሌ ወዳጆቻችን ጋር እየሄድን እናያለን፤ ከዚያም በኋላ በየሻይ ቤቱ የሚነሣው ጨዋታ ለብዙ ጊዜ ስለ መጽሐፍ ይሆናል። ከዚህም ጨዋታ የተነሣ ማንበብ የሚወዱ ወጣቶቻችን፣ አንዱ ለሌላው ይበጃል ያለውን መጽሐፍ እየጨመረበት፣ ከእጅ ወደ እጅ የምትዞር አንዲት ዝርዝር አዘጋጁ። ሥራቸው እጅግ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን በዝርዝሯ ራስጌ የተጻፈውን አርእስት ባነበብሁ ጊዜ ልቤ አዘነ፤ «ምርጥ የቅዠት ወለድና የሳይንስ ወለድ ሲሪየሶች» ይላልና።

ነገሩ ራሱ ምን እንደ ሆነ ለአንባቢ በብዙ ማስረዳት አያስፈልግም። አንደኛው ወገን የራሱ ነገሥታት፣ የራሱ ቋንቋና የራሱ ተአምራት ያሉትን ሌላ ዓለም እየፈጠረ የሚተርክ ድርሰት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ዛሬ ከምናውቀው ሳይንስ ተነሥቶ ገና ያልሆነውን፣ ነገር ግን ሊሆን ይችል ይሆናል የሚባለውን የሚያስብ ነው። ሁለቱም ብዙ ጊዜ በአንድ ጥራዝ አያልቁም። ክርክሬ በስማቸው ላይ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ «ቅዠት» የሚለው ይወገድ። ወባ የያዘው ሰው ትኩሳቱ ሲያይልበት፣ ወይም ክፉ ሕልም የተጫነው ሰው በእንቅልፉ ሳለ ፍች የሌለው ቃል ሲለፈልፍ «ይቃዣል» እንላለን፤ አንድን ሰው «ቅዠትህን ተው» ያልነው እንደ ሆነም የተናገረው ሁሉ ከንቱ ነው ብለን ፈርደንበታል። አንድ ደራሲ ለብዙ ዓመታት ተቀምጦ፣ ተራራውንና ወንዙን በካርታ ነድፎ፣ የነገሥታቱን የዘር ሐረግ ቈጥሮ፣ ለሕዝቡም ቋንቋና ሰዋስው አበጅቶ የጻፈውን ድርሰት በሕመምተኛ ልፍለፋ ስም መጥራት በደራሲው ላይ የሚፈጸም ግፍ ነው፤ አንባቢውም ገና ገጹን ሳይገልጥ መጽሐፉን እንዲንቀው ያደርገዋል።

«ሳይንስ ወለድ» የሚለውም ስሕተቱ ከዚህ ያነሰ ቢሆንም ስሕተት መሆኑ አልቀረም። «ልብ ወለድ» የተባለው ስም፣ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ከተማ «ልብ ወለድ ታሪክ» ብለው ካሳተሙት መጽሐፍ ወዲህ ለዚህ የድርሰት ዐይነት በሙሉ መጠሪያ እየሆነ የመጣ ሲሆን፣ ትርጉሙም ልብ የወለደው ማለት ነው። ልብ ደግሞ በግእዝም ሆነ በአማርኛ የፍቅርና የሐዘን ማደሪያ ብቻ ሳትሆን የማሰቢያ መንበር ናት፤ «ልቡና» ከእርሷ ይወጣል፤ አስተዋዩን «ልባም»፣ ዝንጉውን «ልበ ቢስ» የምንለው፣ ተማሪውንም «ልብ በል» እያልን የምንመክረው በዚሁ ምክንያት ነው። እንግዲህ በልብ ወለድ ውስጥ ወላጇ ልብ ከሆነች፣ በ«ሳይንስ ወለድ» ውስጥ ወላጁ ሳይንስ ሊሆን ነው፤ ይህም እውነት አይደለም፤ ሳይንስ ክትባትንና ድልድይን ይወልዳል እንጂ ተረክን አይወልድምና። ከዚህም በላይ የጤና ባለሙያዎች «ውኃ ወለድ በሽታ»፣ «ምግብ ወለድ በሽታ» ማለትን ስላስለመዱን፣ «ሳይንስ ወለድ» ሲባል ጆሯችን ከሳይንስ የሚመጣ ደዌ ይጠብቃል።

በየመጽሔቱ የተለመደው «ሳይንሳዊ ልብ ወለድ» ከዚህ በብዙ ይሻላል፤ ሆኖም «ሳይንሳዊ ጥናት»፣ «ሳይንሳዊ ማስረጃ» ስንል በሳይንስ ሥርዓት ተመርምሮ የጸናውን ማለታችን ስለ ሆነ፣ ይኸው ቅጽል በልብ ወለድ ላይ ሲቀጠል ድርሰቱ በቤተ ሙከራ የተፈተነ ይመስላል። እኔ የምመርጠው ከሁሉ ቀላሉን «የሳይንስ ልብ ወለድ» የሚለውን ነው፤ «የፍቅር ልብ ወለድ»፣ «የወንጀል ልብ ወለድ» እንደምንለው ማለት ነው። «ሳይንስ» ባዕድ ቃል አይደለምን የሚለኝ ቢኖር፣ አዎን፣ ባዕድ ነበረ፤ ነገር ግን ከእኛ ጋር ኖሮ ለምዶ የቤት ልጅ ሆኗልና እርሱን ማሳደድ አይገባም እላለሁ። ስለ አጻጻፉም አንድ ልመና አለኝ፤ ሁለቱን ቃላት አጣብቆ «ልቦለድ» ብሎ መጻፍ ልብንም መውለድንም ከዓይን ይሰውራልና፣ ቢቻል ለያይተን እንጻፋቸው።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስና፣ አውሮፓውያን «ፋንታሲ» የሚሉትን በምን እንተካው? አንዳንዶች «ምናባዊ ልብ ወለድ» ይላሉ፤ ቃሉ መልካም ነው፣ ግን ከሚገባው በላይ ሰፊ ነው፤ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ያሉት በዛብህና ሰብለ ወንጌልም የሐዲስ ዓለማየሁ ምናብ ያስገኛቸው ናቸውና፣ ምናባዊ ያልሆነ ልብ ወለድ ከወዴት ይመጣል? ሌሎች «አስማታዊ» ይላሉ፤ ይህን ለመጣል እኔም ተቸግሬያለሁ። «አስማት» በግእዝ «ስም» ለሚለው ቃል ብዙ ቍጥሩ ነው፤ ስውር ስሞችን የያዘ ሰው ኃይልን ይይዛል ከሚለው አሮጌ እምነት የተነሣ ነው በአማርኛ ዛሬ የምናውቀውን ትርጉም የያዘው። ነገር ግን በዚህ ወገን ካሉት መጻሕፍት አንዳንዶቹ ሌላ ዓለም እንጂ አስማት የለባቸውም፤ በክታብ ላይ የሚጻፈው አስማትም ቤተ ክርስቲያን የምታወግዘው ስለ ሆነ፣ ምእመን የሆነ አንባቢ ገና ከስሙ ይሸሻል።

እኔ የምሟገትለት ቃል «ምትሐት» ነው፤ በሃሌታው ሀ የሚጽፉትም አሉ። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ደቀ መዛሙርት በሌሊት በታንኳ ሳሉ፣ ጌታ በባሕር ላይ ሲራመድ አይተው ምን መስሏቸው እንደ ደነገጡ የሚነግረን ክፍል አለ፤ በዚያ ቦታ የግሪኩ መጽሐፍ «ፋንታስማ» ሲል፣ የእኛዎቹ ተርጓሚዎች «ምትሐት» አሉ። «ፋንታስማ» እና «ፋንታሲያ» ደግሞ ከአንድ ግሥ፣ መታየትን ከሚያመለክተው ግሥ፣ የወጡ እኅትማማች ቃላት ናቸው። እንግዲህ ወንጌልን ከግሪክ ወደ ግእዝ የመለሱት የአክሱም ዘመን አባቶች፣ ዛሬ እኛ የምንጨነቅበትን ጥያቄ ከ1,000 ዓመት በሚበልጥ ጊዜ በፊት ጠይቀው መልሰውታል ማለት ነው፤ እኛ ግን የመለሱትን ከመጽሐፋቸው ማንሣት አቅቶን «ፋንታሲ» እያልን በውሰት እንኖራለን።

ምትሐት የጠንቋይ ሽታ አለው ብለው የሚቃወሙኝ ይኖራሉ። ነገር ግን ምትሐትን ከቅዠት ጋር አነጻጽሩት፤ ቅዠት ዓይኑን የጨፈነ አንድ ሕመምተኛ ለብቻው የሚያየው ሲሆን፣ ምትሐት ግን ዓይናቸውን የገለጡ ብዙ ሰዎች፣ በአንዲት ታንኳ ተቀምጠው፣ በአንድነት የሚያዩት ነው። መጽሐፍ የሚያሳየንም እንዲህ ያለውን ነው። ስለዚህ «ምትሐታዊ ልብ ወለድ» ብንል ነገሩን ሳናዋርድ፣ ልብንም ከወላጅነቷ ሳንሽር ሰየምነው ማለት ነው።

ቋንቋችን ለዚህ ሥራ የሚበቃ ቃል የለውም የሚለውን ክስ ግን ከቶ አልቀበለውም። በኦሪት ዘፍጥረት መጀመሪያ ውኃን ከውኃ የሚለየው «ጠፈር» ዛሬ ከምድር ባሻገር ያለውን ባዶ ስፍራ የምንጠራበት ቃል ሆኗል፤ ከእርሱም «ጠፈርተኛ» ተወለደ። ነቢዩ ሕዝቅኤል በራእዩ ያየው «መንኰራኵር» ወደ ጨረቃ የሚወነጨፈው መጓጓዣ ስም ሆኖ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። መጽሐፈ ሄኖክም በሙሉ ተጠብቆ የተገኘው በግእዝ ሲሆን፣ የፀሐይንና የጨረቃን መውጫና መግቢያ በሮች እየቈጠረ ይናገራል፤ እርሱ ለእኛ ቅዱስ መጽሐፍ ነውና ከልብ ወለድ ጋር እንዲደመር አልፈልግም፤ ነገር ግን ስለ ሰማይ የሚጽፍ ደራሲ ቃል ሲቸግረው ከዚያ ቢቀዳ ነውር የለበትም።

በምንኖርባት በሐርጌሳ ያሉ ጎረቤቶቻችን በዚህ ነገር ይበልጡናል። ሱማልኛ በላቲን ፊደል መጻፍ በሕግ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው፤ ሆኖም ሕዝቡ ሳተላይትን የሚጠራው «ደየሕ ገዕሜድ» ብሎ ነው፤ ደየሕ ጨረቃ፣ ገዓን እጅ ነውና፣ በእጅ የተሠራች ጨረቃ ማለት ነው። እኛ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የራሳችንን ወደ ሰማይ ስንልክ ጋዜጦቻችን ሁሉ «ሳተላይት» ብለው ጻፉ። ሱማሌዎች ለተረትም «ሼኮ ሐሪር» የሚል ስም አላቸው፤ የሐር ታሪክ ማለት ነው፤ «ሐሪር» በግእዝም ያው ሐር ነው። ጆሮዋ ረጅም የሆነውን ሰው በላ ሴት፣ ዸግዼርን፣ ሌሊት በእንጨት ተሻሽቶ ጅብ የሚሆነውንም ሰው፣ ቆሪ ኢስመሪስን፣ የሐርጌሳ ልጆች የሚያውቋቸው በዚህ ስም በሚጠራ ተረት ነው፤ ጅብ ስለሚሆን ሰው የሚነገረውን ከእናቱ ጕያ የሰማ የጎጃምና የጎንደር ልጅም ለዚህ እንግዳ አይሆንም።

ከዝርዝሯ አርእስት አሁን የቀረው «ሲሪየስ» ነው። «ተከታታይ» ማለት ይቻላል፤ ሬዲዮው ተከታታይ ድራማ ሲል ኖሯልና የሚስተው የለም። ግን ሦስት ቀን የወረደውም ዝናብ ተከታታይ ነው፤ ቃሉ አንዱ ከሌላው በኋላ መምጣቱን እንጂ አንዱ ከሌላው መብቀሉን አይናገርም። «ቅጽ» የአንዱ ጥራዝ ስም ነው። «ሰንሰለት» የእስረኛ ነው። የእኔ ምርጫ «ሐረግ» ነው፤ አያያዡም «ሐረገ መጻሕፍት» ይሆናል። ሐረገ ወይን የሚለውን ስም የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለምና ቅርጹ ለጆሮ አዲስ አይደለም። ሐረግ ከአንድ ሥር ወጥቶ እየተጠመጠመ የሚሄድ ተክል ነው፤ የትውልድ ቈጠራም «የዘር ሐረግ» ነው። ይልቁንም በብራና መጻሕፍታችን ላይ የምዕራፉን መክፈቻ የሚያስጌጠው ሥዕል «ሐረግ» ይባላል። የጕንዳ ጕንዴን ገዳም መጻሕፍት የመሰለውን ብራና ያየ ሰው፣ ቀዩና ቢጫው ጥብጣብ በገጹ ራስጌ ላይ እርስ በርሱ ተጠላልፎ፣ ከዚያም በኅዳጉና በሁለቱ ዓምዶች መካከል ወደ ታች ሲወርድ፣ የቱ ክር ከየት እንደ ጀመረ በጣቱ ሊከተል ሲሞክር ያስታውሳል። አንድ ረጅም ታሪክ ከጥራዝ ወደ ጥራዝ ሲሻገርም ፈትሉ እንዲህ ነው፤ ለመጻሕፍት መያያዝ ከመጻሕፍት ጌጥ የተወሰደ ስም ከሁሉ ይልቅ ይስማማዋል።

ስምን እንዲህ በራስ ቋንቋ መፍታትን የባሕር ማዶ ደራሲም አይጠላውም። «የቀለበቶቹ ጌታ» የተባለውን ባለ ሦስት ጥራዝ ምትሐታዊ ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 ያሳተመው የኦክስፎርዱ የቋንቋ ሊቅ ቶልኪን፣ የስዊድንና የሆላንድ ተርጓሚዎች በስሞቹ ላይ ያደረጉት ስላላስደሰተው፣ የትኛው ስም እንዳለ እንዲተው፣ የትኛውም በተርጓሚው ቋንቋ በፍቹ እንዲመለስ የሚያስረዳ መመሪያ ራሱ ጽፎ ነበር።

ስለዚህ የወጣቶቻችንን ዝርዝር እንዲህ ባስተካክለው ደስ ይለኛል። ከሳይንስ ልብ ወለድ ወገን፣ የቻይናዊው የሊዩ ጽሺን ሐረገ መጻሕፍት ይቅደም፤ ሦስት ጥራዝ ነው፤ የመጀመሪያው «ሦስቱ አካላት» እ.ኤ.አ. በ2015 ለእነዚህ ለሁለቱ የድርሰት ወገኖች የሚሰጠውን የሁጎን ሽልማት ሲያገኝ፣ ከሌላ ቋንቋ ተተርጕሞ ይህን ሽልማት የወሰደ የመጀመሪያው ረጅም ልብ ወለድ ሆኗል። አጭር ለሚወድ፣ ናይጄሪያዊ የዘር ሐረግ ያላት የንኔዲ ኦኮራፎር «ቢንቲ» አለች፤ የናሚቢያ የሂምባ ሕዝብ ልጅ በከዋክብት መካከል ወዳለ ዩኒቨርሲቲ ስትሄድ የሚተርክ ነው። የጅቡቲው አብዱራህማን ዋበሪ እ.ኤ.አ. በ2006 በፈረንሳይኛ ያወጣው መጽሐፍ፣ አፍሪካ ባለጸጋ ሆና አውሮፓውያን በስደት ደጇን ሲጠኑ የሚያሳየው፣ ሐረግ የሌለው ነጠላ ጥራዝ ቢሆንም የጎረቤት ሥራ ነውና አይዘለል። ከአገራችንም የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» እና ተከታዩ «ራማቶሓራ»፣ የጣናን ገዳማት ከጠፈር ሳይንስ ጋር ያገናኙት፣ ሐረገ መጻሕፍት በአማርኛ አንባቢ እንደማያጣ አስመስክረዋል።

ከምትሐታዊው ወገን ቶልኪንን ሁሉም ያውቀዋል፤ የሁጎን ሽልማት እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2018 በየዓመቱ ለእያንዳንዱ ጥራዝ የወሰደውን የደራሲዋን የጀሚሲንን «የተሰበረች ምድር» ሐረግም ብዙዎች ያውቁታል። ከሁሉ አስቀድሜ የምሰጠው ግን የኡርሱላ ለጉዊንን «ኧርዝሲ» ነው። «ምድረ ባሕር» ብዬ ልተረጕመው አስቤ ነበር፤ ያ ስም ግን በታሪካችን የባሕር ነጋሽ ግዛት መጠሪያ ስለ ሆነ ተውሁት። በዚያ ዓለም ተማሪው ጠቢብ ለመሆን፣ ከዛፍ ቅጠል እስከ ባሕር ሞገድ የነገርን ሁሉ እውነተኛ ስም በቃሉ ያጠናል፤ ስሙን ያወቀ በነገሩ ላይ ይሠለጥናል፤ «አስማት» ከግእዙ ትርጉም ጋር በአንድነት ያለበት መጽሐፍ ይህ ነው። የመጀመሪያው ጥራዝ እ.ኤ.አ. በ1968 ወጣ፤ ሦስተኛው በ1972፤ አራተኛው ግን ከዚያ 18 ዓመት ዘግይቶ በ1990 የወጣ፣ ደራሲዋም የቀደመውን ዓለሟን በሴቶቹ ዓይን እንደ ገና የመረመረችበት ነውና፣ አንባቢው ሦስቱን በተከታታይ ጨርሶ፣ ለአራተኛው ጥቂት ጊዜ ሰጥቶ ቢጀምር ይሻለዋል።