«ዋስህ ማነው?» የመርካቶ ወንድማማቾች ደጅ

አዲስ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ በገባ ቁጥር ነባሮቹ «ፍሬሽ» እያሉ ያሾፉበታል፤ የሌለ ቢሮ ፍለጋም ይልኩታል። በአሜሪካ ኮሌጆች ግን ነገሩ ነፍስ እስከ ማጥፋት ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1873 አንድ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ወደ ተማሪዎች የወንድማማች ማኅበር ለመግባት በሚፈተንበት ሌሊት ገደል ወድቆ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ስንት ወላጅ ልጁን ቀብሯል። ኮሌጆች የዚህ ዓይነቱን በደል ቆጥረው በይፋ እንዲያሳውቁ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ የተፈረመው ግን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ነው። የልማዱ ደጋፊዎች «አብሮ መከራ ያየ አይከዳዳም» ብለው ይሟገታሉ።

ይህን ክርክር መርካቶ ላይ ቆሜ ስመለከተው አይዋጥልኝም። ጣሊያን በወረራው ዘመን የአራዳን ገበያ አንስቶ የአገሬውን ሰው ወደ አዲስ ከተማ ካዛወረ በኋላ፣ ከጉራጌ አገር የመጡ ወጣቶች በሊስትሮነት፣ በተሸካሚነትና በሱቅ ተላላኪነት መርካቶን ሞሉት። መያዣ የሌለውን ሰው ባንክ አያበድርም ነበር። ያበደራቸው ዕቁብ ነው።

በዕቁቡ ቀን ዳኛው ይቀመጣል፤ ጸሐፊው መዝገቡን ይገልጣል፤ መዋጮው ተቆጥሮ ይገባል፤ የተጠቀለሉት ወረቀቶች ተደባልቀው ዕጣ ይወጣል። ዕጣ የወጣለት ሰው ግን ብሩን አፍሶ አይሄድም። «ዋስህ ማነው?» ይባላል። ዋሱ ቀርቦ ይፈርማል፤ ባለዕጣው መክፈል ቢያቋርጥ ዕዳው የእሱ ነው። እዚህ የሚፈተነው አዲሱ ገቢ ብቻ አይደለም፤ ያመነውም ሰው አብሮት ይፈተናል። ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር ይኸው ነው፦ ነባሩ በአዲሱ ላይ አይሠለጥንም፣ ስለ አዲሱ ራሱን ያስይዛል።

መርካቶ ግፍ አያውቅም ማለቴ አይደለም። ዘመድ ሱቅ የገባ ልጅ ባንኮኒ ሥር እያደረ፣ ያለ ደመወዝ ዓመታት ሲላላክ ኖሯል። ሲከፋው «እኛም እንዲሁ ነው ያደግነው» ይሉት ነበር። ይህ የኮሌጆቹም ነባሮች የሚሉት ነው፤ እዚያም እዚህም ያስቆጣኛል። ያን ልጅ ሰው ያደረገው ልፋቱ ነው እንጂ የተናቀው ንቀት አይደለም፤ የራሱን ሱቅ የከፈተውም ዕቁብ በወጣለት ጊዜ ነው።

እንዲህ ያደጉት ሰዎች ኋላ ለአገራቸውም ተርፈዋል። በ1950ዎቹ ጄኔራል ወልደ ሥላሴ በረካን የመሰሉ ሰዎች የመሩት የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅት ሲቋቋም፣ የመርካቶ ነጋዴ ከኪሱ አዋጣ። ድርጅቱም ከመንግሥት ጋር ተጋግዞ፣ ብዙዎቹ በልጅነታቸው በእግር ወጥተው ወደመጡበት አገር መኪና የሚያስገባ መንገድ አስጠረገ።